የ68 ዓመቱ ሽማግሌ እና የ47 ዓመቷ ሞተር

ስልካችሁን ከገዛችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ሁለት ዓመት ከሞላው አርጅቷል ማለት ነው። ሦስት ከደፈነ ደግሞ ሰው ፊት ማውጣቱም ያሳፍራል። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ አዲስ መተግበሪያ ጫኑበት ቢባል ይንቀራፈፋል፣ በቃ መቀየር ነው። ዛሬ የማወራችሁ ሰው ግን በወጣትነቱ የገዛውን አንድ ሞተር ሳይክል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይዞ ኖረ። ይዞ መኖር ብቻም አይደለም፤ ሁለቱም ሲያረጁ ይበልጥ ፈጠኑ።

ሰውየው በርት ሙንሮ ይባላል። የኒውዚላንድ ሰው ነው። የተወለደው በ1899 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ በምትገኘው በኢንቨርካርጊል። አወላለዱም ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። መንታ እህቱ ስትወለድ ሞተች፤ እሱም ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይም ተብሎ ለወላጆቹ ተነገራቸው። ልጁ ግን ቆየ። በገበሬ ቤት ከከብትና ከፈረስ ጋር እያደገ፣ ፍጥነት ያለው ነገር ሁሉ ልቡን ይሰልበው ጀመር።

በ1920 አንዲት አዲስ ኢንዲያን ስካውት ገዛ። ኢንዲያን የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ፋብሪካ ነው፤ ስሙ ከህንድ አገር ጋር አይገናኝም። ሞተሯ 600 ሲሲ ሲሆን ከፋብሪካ ስትወጣ ትሮጥ የነበረው ቢበዛ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚያ ዘመን ክፉ አይደለም። ለበርት ግን አልበቃችውም። በ1926 ፈታታት፤ ከዚያ በኋላ መፍታትና መግጠም አላቆመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በርት ሀብታም አልነበረም። ኑሮውን የሚገፋው ሞተር በመሸጥና በመጠገን ነበር። ቀን ሲሠራ ይውልና ማታ ወደ ራሱ ሞተር ይዞራል። ዕቃ መግዣ ገንዘብ ስለሌለው የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ሠራ። ብረት አቅልጦ በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ እያፈሰሰ ፒስተን ያወጣል። መለኪያ ሲቸግረው ከአሮጌ የቸርኬ ሽቦ መለኪያ ሠራ። ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ክፍል ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ከወዳደቀ የትራክተር ብረት በእጁ ሞርዶ አወጣ፤ ይህ የሳምንታትና የወራት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሞተሯን የአየርና የነዳጅ አተነፋፈስ ሥርዓት እንዳለ ለወጠው። ከ600 ሲሲ የተነሳችውን ሞተር እያሰፋ እያሰፋ 950 አደረሳት።

ሁሌ ተሳካለት ማለት አይደለም። ፒስተን ይቀልጣል፣ ዘንግ ይሰበራል፣ የወራት ልፋት በአንድ ሙከራ ብትንትኑ ይወጣል። በርት ታዲያ የተሰበረውን አይጥልም። ጋራዡ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ያሰልፈውና ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መሥዋዕት እንደሆነ ጽፎ አስቀመጠው። ቀልደኛም ነበር።

የከፈለው ዋጋ ግን ቀልድ አልነበረም። አራት ልጆች የነበሩት ባለትዳር ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ትዳሩ ፈረሰ፣ ሥራውንም ተወ። ከዚያ በኋላ መኖሪያውም መሥሪያውም ያቺው ጋራዥ ሆነች። ስለ በርት የሚያወሩ ሰዎች ይህን ቶሎ አልፈውት ይሄዳሉ። እኔ ግን ልዝለለው አልችልም። አንድን ነገር እንደዚያ መውደድ ሌላውን ነገር ያስርባል፤ ይህንን ሳይናገሩ ጀግንነቱን ብቻ ማውራት ግማሽ ታሪክ ነው።

ልፋቱ ፍሬ አላጣም። ከ1938 ጀምሮ በአገሩ በኒውዚላንድ የፍጥነት ሪከርዶችን ይሰባብር ጀመር። በ1957 በከተማው አጠገብ ባለው በኦሬቲ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በሰዓት 211 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረ። ያኔ ዕድሜው ወደ 60 እየተጠጋ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ የልብ ሕመም ጀመረው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሞተሩን ሸጦ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ፀሐይ እየሞቀ የድሮውን ያወራ ነበር።

በርት ወደ አሜሪካ አቀና። ዩታ በሚባለው ግዛት ቦነቪል የሚሉት ቦታ አለ፤ የጥንት ሐይቅ ደርቆ የተወው፣ ዓይን እስኪያጥበረብር የነጣ የጨው ሜዳ ነው። ከዓለም ዙሪያ ፍጥነት ያሳበዳቸው ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። በርት መጀመሪያ የሄደው ለማየት ብቻ ነበር። በ1962 ግን ሞተሩን ይዞ ተመለሰ። ዕድሜው 63፣ የሞተሯ 42። በዙሪያው ካሉት ብዙዎቹ ልጆቹ የሚሆኑ ናቸው። በዚያ ዓመት በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር በመሮጥ በምድቡ የዓለም ሪከርድ ያዘ።

ታሪኩን በፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ። በ2005 የወጣው፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ እንደ በርት ሆኖ የተወነበት ፊልም ነው። ፊልሙ አንድ ጊዜ ሄዶ አንድ ጊዜ ያሸነፈ ያስመስለዋል። እውነታው ይበልጥ አድካሚ ነው፤ ወደዚያ ጨው ሜዳ አሥር ጊዜ ያህል ተመላልሷል። በ1966 ሌላ ሪከርድ ያዘ። በ1967 ደግሞ፣ በ68 ዓመቱ፣ ከ1000 ሲሲ በታች በሆነው ምድብ ዛሬ ድረስ ስሙ የሚነሳበትን ሪከርድ አስመዘገበ። ለዚህ ለማለፍ ባደረገው አንድ ሩጫ በሰዓት ወደ 306 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ከፋብሪካ ስትወጣ 88 የነበረችው፣ ያቺው ሞተር!

በዚያው በ1967 ሞትንም በቅርብ አይቶታል። በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ሞተሯ ትወዛወዝ ጀመር። ፍጥነቷን ለመቀነስ ቀና ሲል ነፋሱ መነጽሩን ገፎ ወሰደው፤ ዓይኑ ምንም ማየት አቃተው። ከመስመር ወጥቶ ከአንድ የብረት ችካል ጋር ለጥቂት ተሳሳተ፤ በመጨረሻም ሞተሯን ጨው ላይ አስተኛት። ቁስሉ ጭረት ብቻ ነበር። አሥር ጣት ሙሉ ዕድል አለው የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው መሰለኝ።

ዕድሜ ግን በመጨረሻ ሒሳቡን ይጠይቃል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሐኪሞች ሞተር መንዳት እንዲያቆም ነገሩት። በ1977 ስትሮክ መታውና እጅና እግሩ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለው። ከዚያ በኋላ ሞተሮቹን ኢንቨርካርጊል ውስጥ ላለ የአንድ ዕቃ መደብር ባለቤት ሸጠ፤ ከከተማው እንዳይወጡ ይመስላል። በጥር ወር 1978፣ በ78 ዓመቱ አረፈ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ልጁ ጆን የ1967ቱን ሪከርድ መረጃ ሲያገላብጥ አንድ ነገር ከነከነው። ሪከርድ የሚመዘገበው በአንድ ሩጫ ሳይሆን በሁለት ሩጫዎች አማካይ ነው። ልጁ ሲያሰላው አማካዩ ተሳስቷል። ለአሜሪካው የሞተር ሳይክል ማኅበር አሳወቀ፤ ማኅበሩም ስህተቱን አምኖ ሪከርዱን በሰዓት ወደ 296.2 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረገው። በርት ሙንሮ መቃብር ውስጥ ሆኖ ፍጥነት ጨመረ ማለት ነው። ጋራዡ ከቤተሰቡ የወሰደው ሰው፣ ልጁ ቁጭ ብሎ ቁጥሩን አስተካከለለት። ከሪከርዱ ይልቅ ይህ ነው ልቤን የነካው።

አሮጌ ዕቃ የሚናፍቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ወልውሎ፣ ሸራ አልብሶ ያቆመዋል፣ አንዳንዱም ፎቶውን ለጥፎ ያኔ ነበር ዘመን ይላል። የበርት ናፍቆት ግን እጁን በግራሶ ያጨቀየ ናፍቆት ነበር። ያቺን ሞተር የወደዳት አሮጌ ስለሆነች አይመስለኝም፤ ገና ያልጨረሳት ሥራ ስለሆነች ነው። ራሱንም የሚያየው እንደዚያው ነበር፦ ገና ያላለቀ።

እና አያታችሁ ወይም አባታችሁ ግቢ ውስጥ ቆሞ በቀረ መኪና ሥር ተኝተው ሲፈታቱ ብታዩ፣ ይሸጥና ይገላገል ለማለት አትቸኩሉ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና መፍቻውን አቀብሏቸው።