በርታ ፓፐንሃይም፦ ለሥነ ልቦና ሕክምና በር የከፈተችው ታማሚ

በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 1880 የቪየናዎቹ ባለጸጋ ፓፐንሃይሞች ለዕረፍት ወደ ባድ ኢሽል ሄደው ሳሉ የቤቱ አባወራ ሲግመንድ በጠና ታመሙ። ሌሊት ሌሊት ከአልጋቸው አጠገብ ሆና የማስታመሙ ኃላፊነት በ21 ዓመት ልጃቸው በበርታ ላይ ወደቀ።

ወራት አለፉ። አባት አልዳኑም፤ አስታማሚዋም ታመመች። ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ ዐይኗ አጥርቶ ማየት ተሳነው፤ የማያቋርጥ ሳል ያዛት። የአፍ መፍቻዋ ጀርመንኛ ጠፍቶባት በእንግሊዝኛ ብቻ የምትናገርበት ጊዜም መጣ። የዘመኑ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕመም ሂስቴሪያ ይሉት ነበር።

በርታ የካቲት 27/1859 ከአይሁድ ቤተሰብ ስትወለድ ቤቱ ሐዘን የገባበት ነበር። አንዷ ታላቅ እህቷ ቀድማ ሞታለች፤ ሌላዋ ደግሞ በርታ የ8 ዓመት ልጅ ሳለች በሳንባ ነቀርሳ አረፈች። በ16 ዓመቷ ትምህርቷ ሲያበቃ ታናሽ ወንድሟ ግን ቀጠለ። ለእሷ የቀራት ጥልፍ፣ ሙዚቃ እና ባል መጠበቅ ነበር።

ሊያክማት የመጣው ጆሴፍ ብሮየር በቪየና የታወቀ ሐኪም ነበር። እሱም በዘመኑ ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ተቀምጦ አዳመጣት። አንዳንዴ በራሷ፣ አንዳንዴ ደግሞ በሂፕኖሲስ ውስጥ ሆና የሚያስጨንቋትን ነገሮች ስትተርክለት ቀለል ይላት ነበር።

ብሮየር ከጻፋቸው አጋጣሚዎች አንዱ ስለ ውኃ ነው። በርታ በሙቀት ወራት ውኃ መጠጣት አቅቷት ለሳምንታት በፍራፍሬ ጥሟን ታስታግሥ ነበር። አንድ ቀን ግን ውሻ በሰው ብርጭቆ ውኃ ሲጠጣ አይታ መጸየፏን፣ ለጨዋነት ስትልም ዝም ማለቷን በቁጣ ተናገረች። ወዲያው ውኃ ጠይቃ ጠጣች።

ለዚህ ሕክምና ስም ያወጣችለትም ሐኪሙ ሳይሆን እሷ ናት፦ በንግግር መታከም። ስትቀልድም ጥላሸት የያዘውን የጭስ ማውጫ ከመጥረግ ጋር ታመሳስለው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው የአገራችን ብሂል የሚያስተምረውን እሷ በገዛ ሕይወቷ ደረሰችበት።

መንገዱ ግን ቀና አልነበረም። በመጨረሻዎቹ ወራት ጥቂት ጊዜ ብቻ ያየቻቸው አባቷ ሚያዝያ 5/1881 ሲሞቱ ሕመሟ ባሰ። ሕክምናው ሰኔ 1882 አበቃ። ብሮየር ከወጣቱ ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ጋር በ1895 ስለ ሂስቴሪያ ባሳተመው መጽሐፍ ታሪኳ አና ኦ በሚል ስም ቀረበ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ታማሚዋ ድና በዚያው ጤናማ ሆና የቀረች ይመስለው ነበር።

እውነታው ሌላ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ኤለንበርገር በ1970ዎቹ ያገኛቸው የሕክምና ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ በርታ ሕክምናው ባበቃ በወሩ ስዊትዘርላንድ ውስጥ ክሮይዝሊንገን በሚገኝ ተቋም ተኝታ ታክማለች። ከባድ የፊት ሕመም ነበረባት፤ ለማስታገሻ የተሰጣት ሞርፊንም ሱስ ሆኖባት ነበር። ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሕክምና ተቋም ስትገባና ስትወጣ ቆይታለች።

ታዲያ ማዳመጡ ከንቱ ነበር? ምሁራን እስካሁን ይከራከሩበታል። ዛሬ በሙያው የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሐዘንን፣ የትዳርና የቤተሰብ ጭንቀትን በንግግር ሲያክሙ በአንድ ጊዜ ፈውስ እናመጣለን አይሉም። ታካሚው ስሜቱን በስሙ እንዲጠራ፣ የሸክሙን ምንጭ እንዲለይ፣ አዲስ የአኗኗር ዘዴ እንዲለማመድ ያግዙታል። ይህም ጊዜ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም መድኃኒት ይታከልበታል።

በርታ በ1888 ከእናቷ ጋር ወደ ፍራንክፈርት ተዛወረች። በዚያም ለድሆች ምግብ ማደል ጀመረች፤ ከዚያም ወላጅ የሌላቸው ሴት ልጆች የሚያድጉበትን ቤት ለ12 ዓመታት መራች። በ1899 ሜሪ ዎልስቶንክራፍት ስለ ሴቶች መብት የጻፈችውን መጽሐፍ በብዕር ስም ወደ ጀርመንኛ መለሰች። በ1904 የአይሁድ ሴቶችን ማኅበር መሠረተች፤ ለዝሙት ይሸጡ የነበሩ ሴቶችን ጉዳይ ለመመርመርም እስከ ባልካንና መካከለኛው ምሥራቅ ተጓዘች።

በ1907 ኖይ ኢዘንቡርግ በተባለች ከተማ ሳያገቡ ለወለዱ እናቶች፣ ለልጆቻቸው እና አደጋ ላይ ለወደቁ ልጃገረዶች ቤት ከፈተች። ኑሮው በትንንሽ ቡድኖች፣ እንደ ቤተሰብ የተደራጀ ነበር። በወጣትነቷ በቤተሰብ ሸክም የተሰበረችው ሴት ቤተሰብ ለከዳቸው ቤተሰብ ሠራች።

ግንቦት 28/1936 በናዚ አገዛዝ ዘመን አረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ የናዚ ደጋፊዎች ዋናውን ሕንፃ አቃጠሉት፤ በ1942 ደግሞ ቤቱ ተዘጋ።

በርታ ስለ ወጣትነቷ ሕመም በአደባባይ ተናግራ አታውቅም። አና ኦ እሷ መሆኗን በ1953 ይፋ ያደረገው የፍሮይድን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ኧርነስት ጆንስ ነው። በቀጣዩ ዓመት ምዕራብ ጀርመን ምስሏን የያዘ የፖስታ ቴምብር አሳተመች፤ ቴምብሩ የወጣው ግን የሰው ልጆችን የረዱ ሰዎች በሚታሰቡበት ተከታታይ ኅትመት ውስጥ ነበር። ሐኪሞች በታማሚነቷ ያስታወሷትን ሴት አገሯ በሥራዋ አሰበቻት።