በርናርዶ ኡሳይ

በርናርዶ አልቤርቶ ኡሳይ (1887 – 1971 እ.ኤ.አ.) የአርጀንቲና ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ነበሩ። በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ኢንሱሊን ብቻውን እንደማይቆጣጠር፣ ሌሎች ሆርሞኖችም ተቃራኒውን ሥራ እንደሚሠሩ በማሳየታቸው ይታወቃሉ። በሳይንስ ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ኡሳይ ከፈረንሳይ ከመጡ ወላጆች በቡዌኖስ አይሬስ ከተማ ተወለዱ። በ17 ዓመታቸው በፋርማሲ ተመረቁ፤ ከዚያም ሕክምና ተማሩ። በ1919 በቡዌኖስ አይሬስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነው የምርምር ተቋም አቋቋሙ።

ምርምር

በዚያ ዘመን የስኳር በሽታ የቆሽት ችግር ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ቆሽቱ የወጣ ውሻ በከባድ የስኳር በሽታ ይያዛል። ኡሳይ ግን ከአንጎል ሥር የሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢም አብሮ ሲወጣ በሽታው በጣም እንደሚቀንስ አሳዩ። ፒቱታሪ የሌላቸው እንስሳት ትንሽ ኢንሱሊን ሲሰጣቸው እንኳ የደም ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ይወርድ ነበር። በተቃራኒው፣ ከዕጢው የፊት ክፍል የተወሰደ ንጥረ ነገር ሲወጉ የደም ስኳራቸው ከፍ ይላል።

ዛሬ እንደሚታወቀው ፒቱታሪ የዕድገት ሆርሞን ያመነጫል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎችም ኮርቲሶል እንዲያመነጩ ያዛል። ሰው ሲታመም ወይም ሲጨነቅ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ይጨምራሉ፤ ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ፣ የኢንሱሊንንም ሥራ ያዳክማሉ። የስኳር ሕመምተኛ እንደ ሳንባ ምች ያለ ኢንፌክሽን ሲይዘው፣ ምግብ ቢቀንስም እንኳ ስኳሩ ሊጨምር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሥራ መባረርና ሽልማት

በ1943 ኡሳይ ሕገ መንግሥታዊ ዴሞክራሲ እንዲመለስ የሚጠይቅ መግለጫ በመፈረማቸው የወታደራዊው መንግሥት ከዩኒቨርሲቲው አባረራቸው። ከውጭ አገር ግብዣ ቢቀርብላቸውም አገራቸውን አልለቀቁም። በ1944 በግል ገንዘብ በተቋቋመ ተቋም ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ምርምራቸውን ቀጠሉ። በ1947 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ግማሽ ሲያገኙ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ነበሩ፤ ሌላውን ግማሽ ካርል ኮሪና ባለቤታቸው ጌርቲ ኮሪ ተካፈሉ። ኡሳይ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተመለሱት የፔሮን መንግሥት በ1955 ከወደቀ በኋላ ነው።

በ1958 የተቋቋመውን የአርጀንቲና ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኒክ ምርምር ምክር ቤት በመጀመሪያ ፕሬዚዳንትነት መሩ። ተማሪያቸው የነበሩት ሉዊስ ሌሎይር በ1970 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት አገኙ። ኡሳይ በሚቀጥለው ዓመት በቡዌኖስ አይሬስ አረፉ።