ዊልያም ሔርሽልና ጥንዶቹ ከዋክብት

ዊልያም ሔርሽል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1738 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር ሐኖቨር በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በጦር ሠራዊት ውስጥ ሙዚቃ ነፊ ስለ ነበረ ለልጆቹ ሙዚቃን አስተማራቸው። ዊልያምም በ1757 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በዚሁ ሙያ እንጀራውን ሲያገኝ ኖረ፤ ኋላም ባዝ በምትባል ከተማ ለቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆነ።

ቀን ሙዚቃ ሲያስተምር ውሎ ሌሊት ሰማይን ይመለከት ነበር። የፈለገው ትልቅ የሩቅ ማያ መነጽር ዋጋው ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነበት፥ መዳብና ቆርቆሮ አቅልጦ መስታወቱን በገዛ እጁ ይሠራ ጀመር። አንድ ጊዜ 16 ሰዓት ሙሉ እጁን ከመስታወቱ ሳያነሣ ሲወለውል፥ እኅቱ ካሮሊን እያጎረሰች አበላችው። በ1781 ደግሞ የቀለጠው ብረት አምልጦ በወለሉ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ፤ ድንጋዩም እየፈነዳ ወደ ላይ ሲወረወር ሁሉም ሸሽተው ወጡ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ኡራኑስ የተባለውን ፕላኔት አገኘ። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛም በየዓመቱ 200 ፓውንድ ስለ ቈረጠለት የሙዚቃውን ሥራ ተወ።

ነገር ግን እጅግ የደከመበት የጥንዶች ከዋክብት ነገር ነው። በዓይን ሲታይ አንድ የሚመስል፥ በመነጽር ሲታይ ግን ሁለት የሚሆን ኮከብ ብዙ ነው። ሔርሽልም አንደኛው ቅርብ፥ ሁለተኛው ከበስተኋላው እጅግ ሩቅ ይሆናል ብሎ አሰበ። ሰው መንገድ ሲሄድ በቅርብ ያለው ዛፍ በሩቁ ዛፍ ፊት ፈቀቅ ያለ ይመስለዋል። እንደዚሁም ምድር ፀሐይን ስትዞር ቅርቡ ኮከብ ከሩቁ አጠገብ ጥቂት ፈቀቅ ቢል፥ ከዚያ ርቀቱን ማስላት ይቻላል። ስለዚህ በ1782 የ269 ጥንዶችን መዝገብ አቀረበ፤ ኋላም 434 ጨመረ።

ከ20 ዓመት በኋላ እንደ ገና ቢለካቸው አንዳንዶቹ ቦታቸውን ለውጠው ተገኙ። ይሁን እንጂ ለውጡ ከዓመቱ ዙር ጋር የሚመላለስ አልነበረም። ገውዝ በሚባለው የከዋክብት ክፍል ያለው ካስቶር አንድ ኮከብ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ሁለት ፀሐዮች መሆናቸውን አስተዋለ። ዙሩን ለመፈጸም ከ400 ዓመት በላይ ስለሚፈጅባቸው፥ እርሱ ያየው ጥቂቱን ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ጥንዶች በአንድነት የሚኖሩ ስለ ሆኑ ለርቀት መለኪያ የማይጠቅሙ ሆኑ፤ የብዙ ዓመት አሳቡም ከንቱ ቀረ። በ1803 ግን ያገኘውን ሳይሸሽግ ጻፈ። ጆን ሚቸል የሚባል ቄስ በ1767 በሒሳብ ብቻ ይህን የመሰለ ነገር ተናግሮ ነበር፤ በዓይን አይቶ የመሰከረው ግን ሔርሽል ነው።

ዛሬ ካስቶርን በሁለት ዓይን መነጽር ብታዩት አይለይላችሁም፤ ትንሽ ቴሌስኮፕ ያለው ልጅ ግን ሁለት ሆኖ ያየዋል።

ሔርሽል በ1822 ሞተ። የኮከብን ርቀት በዚያ በምድር ዙር መንገድ ለክቶ ያስታወቀው ቤሴል የሚባል ጀርመናዊ በ1838 ነው፤ የለካውም ኮከብ ጥንድ ኮከብ ነበረ።