የመጀመሪያው ቴአትርና ደራሲው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት

ተማሪዎች ቴአትር ለማሳየት በተሰበሰብን ቁጥር የምንነጋገረው ስለ ልብሱ፣ ስለ መጋረጃውና የማን ድምፅ እንደሚያምር ነው። የታሪኩ ሴራ እንዴት እንደ ተያያዘ፣ ማን ከማን ጋር ስለ ምን እንደሚጋጭ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአገራችን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴአትር የጻፉት የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው ብለን ስለምናምን፣ ታሪካቸውን ባጭሩ ለጓደኞቻችን እናቀርባለን።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝና ከመርሐ ቤቴ ብዙም በማይርቀው በሰያ ደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘመት፣ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ ከራስ መኰንን ጋር ዘምተዋል። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስደው በፒተርስበርግ ከተማ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የጦር መኰንን ሆኑ። ቆይተውም በፈረንሳይ አገር የእርሻ ትምህርት ቀሰሙ።

እንግዲህ እኒህ ሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሁለት ዓለም በልባቸው ይዘው ነበር። በአንድ ወገን ያዩት የሥራና የትምህርት ሥርዓት፣ በሌላ ወገን ደግሞ ሹመት በትውልድና በደጅ ጥናት የሚገኝበት፣ ጉዳይም በመማለጃ የሚፈጸምበት አስተዳደር። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ በሰላም ሊያድሩ አልቻሉም። ቴአትራቸው የመነጨው ከዚህ ነው።

በዚያን ዘመን በአዲስ አበባ ቴአትር ተብሎ ይታይ የነበረው ዘፈንና ጭፈራ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ግን ቴአትር ማለት ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ በተመልካች ፊት የሚፈጽሙት ታሪክ መሆኑን ያውቁ ነበርና፣ ይህንኑ በሥራ ለማስረዳት ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ድርሰት ጻፉ።

በዘፈንና በቴአትር መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከመካከላችን ከዘመሮ ወይም ከመሐል ሜዳ የመጣ ቢኖር፣ አያቶቹ የርስት ሙግት እንዴት እንደ ነበረ ሳይነግሩት አይቀሩም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሳይወጣ በፊት፣ ከአንድ አባት እንወለዳለን የሚሉ ሁለት ዘመዳሞች በአንድ መሬት ይከራከሩ ነበር። ሁለቱም የዘር ሐረጋቸውን ይቈጥራሉ፤ ሁለቱም እውነቱ የእኔ ነው ብለው ያምናሉ። ይህ ግጭት ነው። ክሱ፣ ምስክሩ፣ መሐላውና ፍርዱ አንዱ ሌላውን እየሳበ የሚመጣበት አካሄድ ደግሞ ሴራው ነው። ከሁለቱ አንዱ በመጀመሪያው ቀን መሬቱን ቢለቅ ሙግትም የለም፣ ታሪክም የለም። ዘፈን ተሟጋች የለውም፤ ቴአትር ግን ያለ ተሟጋች አይቆምም። ዳኛውም ተመልካቹ ነው።

ፋቡላ የተነሣው ከፈረንሳዊው ደራሲ ከላ ፎንቴን ተረቶች ነው። የዚህ ዓይነት ተረት ለእኛም እንግዳ አይደለም። የጅቡንና የአህያዪቱን ተረት የማያውቅ የለም፤ ጅቡ ከወንዙ በላይ፣ አህያዪቱ ከበታች ሆነው ሲጠጡ፣ ውሃውን አደፈረስሽብኝ ብሎ ይከሳታል። ላ ፎንቴንም ይህንኑ በተኩላና በጠቦት አድርጎ ጽፎታል። ጠቦቱ ለእያንዳንዱ ክስ እውነተኛ መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን መልሱ ባማረ ቁጥር ሞቱ ይቀርባል። ሴራው ከክስ ወደ ክስ ይሄዳል፤ ግጭቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ እርሱም የጉልበትና የእውነት ግጭት ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ፋቡላ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት (1909–1922 ዓ.ም.) በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ። ተመልካቾቹ አውሬዎቹን ለመፍረድ ተቀመጡ፤ ነገር ግን በአውሬዎቹ ቆዳ ውስጥ የራሳቸውን አስተዳደር አዩ። ዳኛው ተከሳሽ ሆነ። የቴአትሩ ሴራ በመንግሥት ላይ እንደ ተዶለተ ሴራ ተቈጠረና ቴአትር ማሳየት ተከለከለ፤ የታተመውም መጽሐፍ ተሰበሰበ። ክልከላው የተነሣው ከዘውዲቱ ዘመን በኋላ ሲሆን፣ እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በየትምህርት ቤቱ መድረኩን አሰፉት።

ደራሲው ከዚያ በኋላ ዝም ብለው አልተቀመጡም። የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን በፕላን ቈረቈሩ፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኑ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲዘጋጅ፣ የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት መሠረት አድርገው ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። በዚያም ውስጥ የቀድሞው ግጭት አልጠፋም፤ ሕግ ተጻፈ፣ ምክር ቤትም ቆመ፤ ሆኖም አባሎቹን የሚመርጠው ሕዝቡ አልነበረም፤ ሥልጣኑም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ቀረ። ኢጣልያ ጦርነት ስትከፍት በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱት ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። እውነቱ የጠቦቱ ነበር፤ ጉልበቱ የተኩላው። ከዚያም ብዙ ዓመት በስደት ኖረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በሐረርጌ በሒርና እርሻቸውን እያረሱ ኖሩ፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን የተከለከለ ቴአትር ምን ጠቀመ ይሉ ይሆናል። እኛ የምንለው እንዲህ ነው፤ ዘፈንና ጭፈራው በዚያው ዘመን በደስታ ታይቶ ማንንም አላስቈጣም፤ ማንንም አላሳሰበም። ፋቡላ ግን እውነተኛ ግጭት ስለ ነበረበት አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ራሱን ለመጠየቅ ተገደደ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ቴአትራችን መጋረጃ ከመስፋታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ የሚከራከሩት እነማን ናቸው? ፍርዱስ የሚነካው ማንን ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ ማንንም አይደለም ከሆነ፣ ያዘጋጀነው ቴአትር ሳይሆን ጭፈራ ነው።