ክፋትና መለኮታዊ ፍትሕ በዘርዓ ያዕቆብ ሕይወት

እግዚአብሔር ቸርና ሁሉን ቻይ ከሆነ ክፋት በዓለም ስለ ምን ኖረ የሚለው ጥያቄ በክርስትና ትምህርት ልዩ ልዩ መልስ ተሰጥቶታል። አውግስጢኖስ ክፋትን የበጎ ነገር ጉድለት አድርጎ በመተርጎም መነሻውን ከፍጡራን ነጻ ፈቃድና ከአዳም ውድቀት ጋር አያያዘው። ሄሬኔዎስ በበኩሉ ሰው ወደ ፍጹምነት በሂደት የሚያድግ ፍጡር መሆኑን አጎላ። በኢትዮጵያ ይኸው ጥያቄ ከአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ጋር ተሳስሮ የሚገኘው በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ነው።

ሐተታው እንደሚተርከው፣ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዳዊትን፣ ሰዋስውንና ቅኔን ተምሮ፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜም አጥንቶ በአክሱም መምህር ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን አንድ ካህን በዐመፅ ቀስቃሽነት ስለ ከሰሰው፣ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብ በሚገኝ ዋሻም ሁለት ዓመት ኖረ።

በዋሻው ያስጨነቀው የራሱ መከራ ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም እርስ በርሳቸው መሳደዳቸው የፈጣሪን ጠባቂነት እስከ መጠየቅ አደረሰው። የደረሰበት መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ ፈጣሪ ሰውን ለራሱ ሥራ ባለቤት አድርጎ ስለ ፈጠረው ክፉውም ሆነ በጎው ከሰው ምርጫ ይመነጫል። ሁለተኛው፣ በዚህ ዓለም ክፉዎች ሲደሰቱ ደጋጎች ሲያዝኑ ስለሚታይ፣ ፍትሕ የሚፈጸምበት ሌላ ሕይወት ከሞት በኋላ ሊኖር ይገባል። የመጀመሪያው ሐሳብ ወደ አውግስጢኖስ ያቀርበዋል፤ ይሁን እንጂ ክርክሩን የሚመሠርተው በአዳም ውድቀት ላይ ሳይሆን በልቡና ምርመራ ላይ ነው።

ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ካለፉ በኋላ ዘርዓ ያዕቆብ በእንፍራዝ ኖረ፤ መጻሕፍት እየገለበጠ ተዳደረ፣ ኂሩትን አገባ፣ ወልደ ሕይወትንም አስተማረ። የተፈጥሮን ሥርዓት በጎ አድርጎ ያይ ስለ ነበር ጋብቻን ከምንኩስና አስበልጧል። ሐተታውን በ1667 ጽፎ በ1692 ዐረፈ።

የድርሰቱ ባለቤትነት ግን አከራካሪ ነው። ጽሑፉ ወደ አንቷን ዳባዲ የደረሰው በሚሲዮናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል በመሆኑ፣ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲል፣ ክላውድ ሰምነር ኢትዮጵያዊነቱን ደግፎ ተሟግቷል። የክርክሩ ውጤት የመልሱን አመክንዮ አይለውጥም፤ የሚለውጠው የምስክርነቱን ክብደት ነው። ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ ከሆነ መልሱ ከስደት የተወለደ የአንድ ተበዳይ ቃል ነው፤ ካልሆነ ግን ዋሻው ለፍልስፍናዊ ክርክር የተመረጠ መድረክ ይሆናል።