ጆ ሚክ፦ የቴልስታር ዝናና የታገደው ገንዘብ

ሰሜን ለንደን፣ ሆሎዌይ ሮድ፣ የቤት ቁጥር 304። ከታች የቆዳ ዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ ከሱቁ በላይ ደግሞ አንድ ተከራይ የሚኖርባቸው ጥቂት ጠባብ ክፍሎች። በ1962 መጨረሻ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው “ቴልስታር” የተሰኘው የሙዚቃ መሣሪያ ዜማ የተቀረጸው በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ነበር (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት አንድም የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ለዚህ ደረጃ አልበቃም። ተከራዩ ጆ ሚክ ይባላል።

ዛሬ ቤቱ ውስጥ ኮምፒዩተርና ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ የሚቀርጽ ወጣት “ሪአምፕ” የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ነገሩ ቀላል ነው። ጊታሩ በመጀመሪያ በሽቦ ብቻ፣ ያለ ምንም ማስዋቢያ ይቀረጻል። ጎረቤት በማይቆጣበት ሰዓት ደግሞ የተቀረጸው ድምፅ ከመቅረጫው ወጥቶ ወደ ጊታር አምፕሊፋየር ይላክና ከፊቱ በተተከለ ማይክሮፎን እንደገና ይቀረጻል። ከመቅረጫው የሚወጣው ሲግናል ከጊታር ከሚወጣው ስለሚጠነክር በመካከል የሚያመጣጥን ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋል። ይህን ሣጥን በ1990ዎቹ በዚሁ ስም ለገበያ ያቀረበው አሜሪካዊው የድምፅ መሐንዲስ ጆን ኩኒበርቲ ነው። ሐሳቡ ግን ከስሙ ይቀድማል። የተቀረጸን ድምፅ ወደ አየር መልሶ ማውጣትና ክፍሉን ራሱን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ መጠቀም ለጆ ሚክ የዕለት ተዕለት ሥራው ነበር።

ሮበርት ጆርጅ ሚክ የተወለደው በሚያዝያ 1929 በግሎስተርሻየር ገጠር፣ ኒውዌንት በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ልጅ ሳለ በጓሮ ያለችውን መጋዘን በሽቦና በራዲዮ ቁርጥራጭ ሞልቷት ነበር። ብሔራዊ አገልግሎቱን በአየር ኃይል የራዳር ቴክኒሽያንነት ፈጸመ፤ ለጥቂት ጊዜም በአካባቢው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ሠራ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ለንደን ገብቶ አይቢሲ በተባለው ስቱዲዮ መሐንዲስ ሆነ። የሃምፍሪ ሊትልተንን “ባድ ፔኒ ብሉዝ” የቀረጸው በ1956 እዚያ ሳለ ነው። በዚያ ዘመን የስቱዲዮ መሐንዲስ ማይክሮፎኑን ከተጫዋቹ ራቅ አድርጎ ተክሎ የሰማውን በታማኝነት የሚመዘግብ ጨዋ ሠራተኛ ነበር። ሚክ ግን ማይክሮፎኑን ከመሣሪያው አፍ ላይ ይደቅናል፣ ድምፁንም እስኪጨማደድ ያፍነዋል። አለቆቹ አልወደዱለትም፤ እርሱም ጠባዩ የሚቻል አልነበረም። በ1960 ከሽርካ ጋር ያቋቋመው ትራይምፍ የተባለ የሸክላ ኩባንያም ብዙ አልዘለቀም። ማይክል ኮክስ የዘፈነው “አንጄላ ጆንስ” ገበያ ሲይዝለት በቂ ሸክላ የሚያትምለት ፋብሪካ አላገኘም። ከዚህ በኋላ ነው በአንድ የአሻንጉሊት ነጋዴ ገንዘብ ተደግፎ ሆሎዌይ ሮድ የገባው።

ቤቱን ያየ ባለሙያ ስቱዲዮ ብሎ ለመጥራት ይቸገር ነበር። ሽቦው ወለል ለወለል ተዘርግቷል፤ ዘፋኝ አንዳንዴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይዘፍናል። አንዱ ባዶ ክፍል የገደል ማሚቶ ማምረቻ ነበር፦ ድምፁ በሽቦ ተልኮ ክፍሉ ውስጥ ባለ ድምፅ ማጉያ ይወጣል፣ ከግድግዳ ግድግዳ ተላትሞ በማይክሮፎን ይመለሳል። ሌላው ማሚቶ የሚፈጥር ዕቃው ከተሰበረ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በወጣ ሞላ የተሠራ ነበር። ሁለት ቴፕ መቅረጫዎች ስለነበሩት የመጀመሪያውን ቅጂ ወደ ሁለተኛው እየገለበጠ በላዩ ላይ አዲስ ድምፅ ይደርባል። በእያንዳንዱ ግልበጣ ንጣቱ ይቀንሳል፤ ለእርሱ ግን ያ ጉዳት ሳይሆን ቀለም ነበር። በ1964 በእንግሊዝ አንደኛ የወጣው የሃኒኮምስ “ሃቭ አይ ዘ ራይት” ላይ ያ እንደ ሠራዊት እርምጃ የሚሰማው ምት የቤቱ የእንጨት ደረጃ ነው። የባንዱ አባላት ደረጃውን ሲረግጡ ሚክ ብስክሌተኞች የሱሪያቸውን ጫፍ በሚይዙበት ማያያዣ ማይክሮፎኖቹን ከደረጃው መደገፊያ ጋር አስሮ ቀረጸው። በኋላ የዲፕ ፐርፕል ጊታሪስት የሆነው ሪቺ ብላክሞርም በወጣትነቱ የዚህ ቤት ቋሚ አጃቢ ነበር።

ሚክ ኖታ ማንበብ አይችልም፣ ዜማም በቅጡ መያዝ አይሆንለትም። ያሰበውን በጉሮሮው እያንጎራጎረ ይቀዳል፤ የሚያውቁ ሰዎች ያንን ፈትተው ወደ ሙዚቃ ይለውጡለታል። በሐምሌ 1962 ቴልስታር የተባለችው ሳተላይት ከአሜሪካ ተወንጭፋ ሥዕል ወደ አውሮፓ ስታሻግር በደስታ ያንጎራጎረው ዜማ ነው በቶርናዶስ ባንድ የተሠራው። ባንዱ አጃቢውን ቀርጾ ወደ ሌላ ሥራው ሲሄድ፣ ጄፍ ጎዳርድ ክላቪዮላይን በተባለች ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ዋናውን ዜማ ደረበበት። ሸክላው በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች ተሸጠ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሕግ የተማረ ሰው ነውና ከዚህ በኋላ ያለውን በዋዛ ማለፍ አይቻለውም። በ1963 ዣን ለድሩ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ “ኦስተርሊትዝ” ለተሰኘው የ1960 ፊልም ከደረስኩት የሰልፍ ዜማ ተሰርቋል ሲል ከሰሰ። የሮያሊቲው ክፍያ ክርክሩ እስኪያልቅ ታገደ። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር የታየው ገና በ1965 ነው። መመሳሰል ብቻውን ደግሞ ጥፋት አይደለም፤ ከሳሽ መገልበጥ መኖሩን ማሳየት አለበት። በዚያው 1963 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በፍራንሲስ ዴይ ኤንድ ሃንተርና በብሮን መካከል በነበረው የሌላ ዘፈን ክርክር ይህንኑ አጽንቶ ከሳሹን አሰናብቷል። የሚክ ጉዳይ ግን ዓመታት ተጓተተ። እግድ በወረቀት ላይ ማንንም አይጎዳም፤ ገንዘቡ አልጠፋም፣ ለባለመብቱ ተቀምጧል እንላለን። ኪራይና ዕዳ ግን ፍርድ አይጠብቁም።

በዚያው ዓመት ሌላም መጣበት። ያኔ በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል በነበረው የግብረ ሰዶም ጉዳይ በሕዝብ መጸዳጃ ቤት ተይዞ 15 ፓውንድ ተቀጣ፤ ጋዜጣም አወጣው። ሕጉ የተሻሻለው እርሱ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሐምሌ 1967 ነው። ጎዳርድም “ሃቭ አይ ዘ ራይት” የእኔ ዜማ ነው በሚል ክስ ተቃቅሮት ሄደ። በቢትልስ ዘመን የሚክ ድምፅ አሮጌ መሰለ፣ ገበያው ደረቀ። የማነቃቂያና የማስተኛ ክኒን ያበዛ ነበር። ተፎካካሪ ኩባንያዎች በቤቱ ማይክሮፎን ደብቀው ሐሳቡን የሚሰርቁት ይመስለው ጀመር። ሕይወቱን ሙሉ ማይክሮፎን በየጥጉ ሲተክል የኖረ ሰው መጨረሻው ይህ ሆነ።

የካቲት 3 ቀን 1967 በቤቱ በነበረ የአደን ጠመንጃ አከራዩን ወይዘሮ ቫዮሌት ሼንተንን ገደለ፤ ወዲያው ራሱን አጠፋ። 37 ዓመቱ ነበር። ስለ ሚክ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በሊቅነቱ ተደምሞ ወይዘሮዋን በግማሽ መስመር ያልፋቸዋል። ከበላያቸው ያ ሁሉ ደረጃ ሲረገጥ፣ ያ ሁሉ ጊታር ሲጮህ ዓመታት የታገሡ ሴት ነበሩ። የሰውየው ዕዳና ሕመም ለእርሳቸው ሞት ምክንያት እንጂ ማስተባበያ አይሆንም።

የቴልስታር ክርክር በሚክ አሸናፊነት የተዘጋው እርሱ ካረፈ በኋላ ነው።

በቤቱ የቀሩት ቴፖች ከ1,800 ይበልጡ ነበር። በሻይ ቅጠል ሣጥኖች ታጭቀው ስለነበር እስከ ዛሬ የሻይ ሣጥን ቴፖች እየተባሉ ይጠራሉ። የገዛቸው በሚክ ቤት ከተቀረጸ ባንድ የወጣው ክሊፍ ኩፐር ነው፤ ዛሬ በየቤቱ የጊታር ድምፅ ዳግም የሚላክባቸውን ኦሬንጅ የተባሉትን አምፕሊፋየሮች የሚሠራው ኩባንያ መሥራች። ቴፖቹ ከአምስት አሥርት ዓመታት በላይ እርሱ ዘንድ ቆይተው በ2020 ቼሪ ሬድ ለተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ተላለፉ። ኩፐር ለሁሉም የከፈለው 300 ፓውንድ ነበር።