ሥልጣን ስምን እንጂ ልብን አይለውጥም

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ሰፊውን የወሎ ደጋ ካቋረጠ በኋላ የቦረናዋን መካነ ሰላም ያገኛል። እኔ ወደዚያ በሄድኩ ጊዜ የሰዎቹ የዘር ሐረግ አስገረመኝ። አንድ አዛውንት ከራሳቸው ጀምረው አያቶቻቸውን ወደ ኋላ ሲቆጥሩልኝ ሰዒድ፣ አሕመድ እያሉ ሄዱና አንዱ ላይ ሲደርሱ ወልደ ሚካኤል አሉ። ከእሱ አባት በኋላ ያሉት ግን እንደገና መሐመድና ዓሊ ናቸው። ይህ እንዴት ሆነ ብዬ ብጠይቃቸው ዘመኑ ነው ከማለት በቀር የጨመሩት ነገር የለም።

ያ ዘመን ሲነሳ ወሎ ውስጥ አስቀድመው የሚታወሱት ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ሰው ናቸው። ከወረ ሒመኖ ኢማሞች ቤት የተወለዱ የሙስሊም መስፍን ነበሩ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። የአገር አንድነት የሚጸናው በአንድ ሃይማኖት ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ሙስሊሙ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቅ አዘዙ። መሐመድ ዓሊ ምርጫቸው ግዛታቸውን ማጣት ወይም መጠመቅ ሆነና ተጠመቁ። ክርስትና ያነሷቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው። ሌላው የወሎ መስፍን አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተብለው የምኒልክ የክርስትና ልጅ ሆኑ።

መኳንንቱ በስም ለውጥ ሹመታቸውን አተረፉ። ተራው ገበሬስ? ገሚሱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ ገሚሱ ቀን ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ሌሊት በጓዳው ሰገደ። ገሚሱም ከሸህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ጋር ተነሳ። በዚህ ጊዜ ሚካኤል የቆሙት ከማን ጋር ነበር? ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር! ትናንት የተገደዱት ሰው ዛሬ የገዛ ወገናቸውን ለማስገደድ ዘመቱ። እዚህ ላይ በሰውየው ከመፍረድ ይልቅ የሥርዓቱን ባሕርይ ማየት ይበጃል። በኅሊና ላይ የተጫነ ሥልጣን ተጎጂውን በመጉዳት ብቻ አይበቃውም፤ መሣሪያውም ያደርገዋል።

አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ግዳጁ ላላ። ብዙዎች ወደ ሃይማኖታቸው ተመለሱ። ከመካነ ሰላሙ አዛውንት የዘር ሐረግ ውስጥ ያ አንድ ስም ብቻውን የቀረውም በዚህ ዓይነት ነገር ይመስለኛል። ሚካኤል ግን በተሰጣቸው ስምና ሃይማኖት ጸኑ። የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ዘመቱ፤ ደሴን መናገሻቸው አደረጉ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የምኒልክን አልጋ ወረሰና በ1906 ዓ.ም. አባቱን ንጉሥ አደረጋቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እጅግ የሚያስተምር ነው። ልጅ ኢያሱ ሙስሊሙን ቀረበ፤ በሐረርና በኦጋዴን ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተወዳጀ። መኳንንቱ ሌላም የፖለቲካ ቂም ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋኑ ሲያወርዱት በአደባባይ ያቀረቡት ክስ ሰልሟል የሚል ነበር። ጳጳሱም ሕዝቡን ከገባው መሐላ ፈቱት። አባትየው ለልጃቸው ሲሉ ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፤ በሰንሰለት ታስረው በአዲስ አበባ በድል ሰልፍ ፊት ቀረቡ። በእስር እንዳሉም በ1910 ዓ.ም. ማብቂያ ሞቱ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በክርስትና የኖሩት ሰው ቤታቸው የፈረሰው፣ በ1870 እሳቸውን ባስጎነበሰው በዚያው ሚዛን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የማነሳው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። በታሪካችን ሰይፉ በሙስሊም እጅ በነበረበት ጊዜም በኢማም አሕመድ ዘመቻ ክርስቲያኑ ተገዶ ሰልሟል፤ ያንንም አልሸሽግም። ኢስላም በሃይማኖት ማስገደድን አይፈቅድምና ሚዛኑ ለሁላችንም አንድ መሆን አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 27 ማንም በእምነቱ እንዳይገደድ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ ከቦሩ ሜዳ እስከ ሰገሌ በፈሰሰ እንባና ደም የተገዛ ትምህርት ነው። ገዢ ደግ ሲሆን የምናመሰግነው፣ ክፉ ሲሆን የምንታገሰው ነገር ሆኖ መቅረት የለበትም። ማንም ይሾም ማን የሥልጣን ድንበሩ የሰው ልብ ደጃፍ ላይ እንዲያበቃ መጠየቅ የሁላችን ግዴታ ነው። የጎረቤታችን ደጃፍ ሲደፈር ዝም ካልን የራሳችንም ተራውን ይጠብቃል።

ወላሁ አዕለም።